ለሞተች ኮከብ የተሳልኩት ጥላ

በ2012 ዓ.ም.፣ በበጋው ወራት፣ ለአስተርእዮ ማርያም የተሳልኩትን ጥላ ላስገባ ከደብረ ብርሃን ወደ ይፋት ቆላ ወረድኩ። አብራኝ የሄደችው ልጄ ሰላማዊት ናት። ደርሶ መልሱ ሦስት ቀን ፈጀ። ከተመለስኩ በኋላ የጽዋ ማኅበራችን እናቶች እንዴት እንደነበር ሲጠይቁኝ ሳቄ እየቀደመኝ አልነገርኳቸውም። አብዛኞቹ ወደዚያ ሙቀት የመውረድ አቅም የላቸውም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላቸው።

በመጀመሪያ ስለቱን ልንገራችሁ።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ሃያ ዓመት የሰው አጥንትና ሳንባ ሳነሣ ኖሬያለሁ። ሰላማዊት ደግሞ ለዶክትሬቷ የምታጠናው የፈነዱ ኮከቦችን ቅሪት ነው፤ የምታጠናውም በራጅ ነው። ይህን የነገረችኝ ቀን ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ሥራችን ተገናኘ ብዬ። ወደ ኮከቡ ራጅ የምትልክ መስሎኝም ነበር። አይደለም። ኮከብ ሲፈነዳ የሚቀረው ጋዝ እጅግ የጋለ ስለሆነ ራጁን የሚያወጣው ራሱ ነው። ሰማይ ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ይቀበለዋል፤ ከምድር ሆኖ ማየት አይቻልም፤ አየሩ አያሳልፈውም። እኛ ክፍል ራጅ እንዳያገኘን የምንለብሰው የእርሳስ ሽርጥ አለ። እግዚአብሔር ምድርን ሁሉ አንድ ሽርጥ እንዳለበሳት ያን ቀን ገባኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ሌሊት ሌሊት ሰማይ ስታይ ታድራለች ብዬ ስጸልይላት ኖሬ፣ ጋቢም ልኬላት ነበር። ለካ ቀን ቀን ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ጋቢውን ግን አልመለሰችም።

የያዘችው አንድ ቅሪት ነው፤ ጥያቄዋም አንድ ነው። ይህ ቅሪት የምን ዓይነት ኮከብ ነበር? እንደነገረችኝ ኮከብ ፈንድቶ የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። ግዙፏ ነዳጇን ጨርሳ በገዛ ክብደቷ ትደረመሳለች። ትንሿ ደግሞ አርጅታ ከከሰመች በኋላ ከጎረቤቷ ስትወስድ፣ ስትወስድ፣ ከልኳ ታልፍና ትፈነዳለች።

"በስግብግብነት" አልኳት።

"እንደሱ ብለሽ ያዢው" አለችኝ።

ግዙፏ ከሆነች ቅሪቱ ውስጥ ኦክስጅንና ማግኒዥየም ይበዛል፤ ትንሿ ከሆነች ብረት። ይህ በራጁ ይለያል። ሌሎች ተመራማሪዎች ግዙፏ ናት ብለው ይገምቱ ነበር፤ ያረጋገጠ ግን የለም። ሰላማዊት ትንሿ ናት ብላ ሁለት ዓመት ታገለች። ከሳች። መምህሯ ይህ ሳይለይ ዶክትሬቷ እንደማይጸድቅ ነገራት። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ "እመቤቴ፣ ልጄ የኮከቧን ምንጭ ካወቀች በአባቷ አገር ላለው ቤትሽ ጥላ አገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ቃሉን ልብ በሉልኝ።

በኅዳር ደወለችልኝ። "እማ፣ አገኘሁት። ብዙ ብረት አለ። ትንሿ ናት።"

ጽሑፉን ለመጽሔት ልካ ገምጋሚዎች እስኪያዩት ስትጠብቅ፣ እኔ ቀይ ከፋይ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው ጥላ ገዛሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት በሦስት ሰዓት ተሳፈርን። በእኛ ዘንድ በጥር ጠዋት ደጅ ያደረ ጀሪካን ላይ በረዶ ይጋገራል። ሁለት ሹራብ፣ ካፖርት፣ ከላይ ጋቢ ለብሻለሁ። ጥላው በላስቲክ ተጠቅልሎ እቅፌ ውስጥ ነው፤ ቁመቱ ግን ከኔ ይበልጣል፤ ጫፉ ከፊቴ የተቀመጡትን ሰውዬ አንገት እየወጋ አስቸገረ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። "እናቴ፣ እሱ ከላይ ይጫን።"

"ከላይ አይጫንም። የማርያም ነው።"

ትንሽ አሰበ። ከጎኑ ያለው የፊት ወንበር ለጊዜው ባዶ ነበር። ጥላውን ተቀበለኝና እዚያ አቆመው፤ ቀበቶም አሰረለት። "ትራፊክ ቢያስቆመን ቀበቶ ያላሰረ ተሳፋሪ የለኝም" አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። አንገታቸው የተወጋው ሰውዬም ሳቁ። ጣርማ በር ድረስ የፊት ወንበር ልያዝ ያለ ሁሉ ቀበቶ ያሰረውን እያየ ወደ ኋላ ያልፍ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጉም ነው። ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንጀምር ጋቢዬን አወለቅኩ። ሁለት መታጠፊያ ወርደን ካፖርቱን፣ ደብረ ሲና ስንደርስ አንዱን ሹራብ። ሰላማዊት በቲሸርት ሆና፣ "ሽንኩርት ነው እንዴ የምትላጪው?" ትለኛለች።

ደብረ ሲና ለምሳ ቆምን። ጥብስ አዘዝን። ሁለተኛውን ጉርሻ ላጎርሳት ስል ስልኳ ጮኸ፤ አየችውና አፏን ሳትከፍት ቀረች። እጄ አየር ላይ ቆየ። መልሼ ራሴ ጎረስኩት።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ብዪ።"

አልበላችም። "ከገምጋሚዎቹ አንዱ መልስ ጽፏል። ብረቱ የኮከቧ ላይሆን ይችላል ነው የሚለው። የመሣሪያው ሊሆን ይችላል።"

"መሣሪያው ዝጓል?"

"አልዛገም እማ። ሰማይ ላይ ጨረር ይመታዋል። ሲመታው መሣሪያው የተሠራበት ብረታ ብረት ራሱ ራጅ ያወጣል። ያ ከኮከቧ ጋር ተደባልቆብሽ ይሆናል ነው የሚለኝ።"

በመስኮት መኪናውን አየሁ። ጥላው ቀበቶውን አስሮ ፊት ወንበር ላይ ቆሟል። ያልደረሰ ስለት እንዴት ይገባል? ለእመቤቴ፣ ልጄ አውቃለች ብዬ ጥላ ልሰጥ ነው፤ ልጄ ግን አላወቀችም። በዚያ አጥቢያ ደግሞ ስለት የሚገባው ዝም ብሎ አይደለም። መሪጌታው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀው ለሕዝቡ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ያሰማሉ። በድምፅ ማጉያ የሚዋሽ ሰው አልሆንም።

ከደብረ ሲና ተነሥተን ወረድን። ግራና ቀኙ የታጨደ የማሽላ አገዳ ነው። ከዚያ በድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"ባዶውን አንሥተሽዋል?"

"ምኑን?"

የካሴቱን ነገር ነገርኳት። ካሴት እኛ ፊልሙን የምናስገባበት ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። አንድ ጠዋት ሦስት ሕመምተኞች ተከታትለው ተነሡ፤ ሦስቱም ቀኝ ሳንባቸው ላይ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ነጥብ ወጣ። ሐኪሙ ደነገጠ። አንዱ ሽማግሌ የንስሐ አባታቸው እንዲጠሩላቸው ጠየቁ። እኔ ፊቱ ማንም ሳይቆም ባዶውን ካሴት አነሣሁ። ነጥቡ ባዶው ላይም አለ። ካሴቱ ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ኖሯል። ሽማግሌው አባታቸው እስኪመጡ ግማሹን ኃጢአት ለሐኪሙ ነግረውት ነበር።

ሰላማዊት ፈገግ አለች። "እኛም ባዶ አንሥተናል። ከኮከቧ ጎን ያለውን ባዶ ሰማይ ወስደን ቀንሰናል።"

"ባዶ ሰማይ ባዶ አይደለም። መሣሪያው ዓይኑን ጨፍኖ ያነሣው የለም?"

ቀና ብላ ተቀመጠች። "አለ" አለች። "ክዳኑ ተዘግቶ የተነሣ አለ። የመሣሪያው የራሱ ብቻ የሚታይበት። አልተጠቀምኩበትም።"

"ለምን?"

"ለማውረድ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ያኛው የሚበቃ መሰለኝ።"

"ሐኪሞቹም እንደዚህ ነው የሚሉኝ" አልኳት።

ሸዋ ሮቢት በዘጠኝ ሰዓት ገባን። ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ሞቀ ፎጣ ሸፈነኝ። ሁለተኛዋን ሹራብ መንገድ ላይ አወለቅኩ። ማደሪያ ያዝን፤ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን አልጋው ላይ አንሶላ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቲቱን ብርድ ልብስ ጠየቅኋት።

"ከደብረ ብርሃን ነው የመጡት?" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"ብርድ ልብስ የሚጠይቀኝ ከዚያ የመጣ ብቻ ነው። ሌላው ቬንትሌተር ነው የሚጠይቅ።"

አጎበር ሰቅላልናለች። እኔ በሕይወቴ አጎበር ውስጥ ተኝቼ አላውቅም፤ ደብረ ብርሃን ቢንቢውም በብርድ አይኖርም። ለመግባት ከላይ ገለጥኩት፤ ከታች ያዘኝ፤ ከታች ሳነሣው ከላይ ወረደብኝ። ነጠላዬ፣ መቁጠሪያዬና አጎበሩ ተጠላለፉ። ሰላማዊት ልትፈታኝ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከደብረ ሲና ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ስለሆነ ትንሽ ቆይቼ ነው የወጣሁት።

ረቡዕ

ጠዋት ከተማው መብራት የለውም። ኔትወርኩም የለም ማለት ይቻላል። ሰላማዊት የላፕቶፗ ባትሪ ጥቂት ነው የቀረው። ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ የካራቆሬ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀልደኛ። መጀመሪያ ያየው ጥላውን ነው። ፀሐዩ ገና በሦስት ሰዓት አናቴን እየቀቀለው ነበር።

"እትዬ፣ ጥላ ይዘው በፀሐይ ይቃጠላሉ? ይክፈቱት እንጂ።"

"የቤተ ክርስቲያን ነው። አይከፈትም።"

"ታዲያ ሌላ አልያዙም?"

"ደብረ ብርሃን ፀሐይ ስንፈልግ ነው የምንውለው።"

ሳቀ። ያንን ሁሉ ቀን መንገድ ላይ ያገኘነው ሁሉ ይህንኑ ጠየቀኝ። ጥላ ታቅፎ ላብ እያፈሰሰ የሚሄድ ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ።

ሰላማዊት መብራትና ኔትወርክ እንደምትፈልግ ነገረችው። "ሁለቱም ያለው እኅቴ ዘንድ ነው" አለና ወደ ዘይነባ ጁስ ቤት ወሰደን። ዘይነባ ጄኔሬተር አላት። መሸፈኛዋን ሰብሰብ አድርጋ ሰላማዊትን ግድግዳው ጥግ፣ ኔትወርኩ የሚይዝበት ቦታ አስቀመጠቻት። ለኔ ፓፓያ አቀረበች። ሳልጠይቃት፣ "ረቡዕ ነው፤ ወተት አልገባበትም" አለችኝ። በእኛ አገር ፓፓያ ለሕመም ቀን የሚገዛ ነገር ነው። እዚያ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ሦስተኛውን እንቢ ብዬ ጠጣሁት።

አንድ ችግር ነበር። የጁስ መፍጫው ሲነሣ ጄኔሬተሩ ያቃስታል፤ የኔትወርክ ማከፋፈያዋም ትጠፋለች፤ ማውረዱ ይቋረጣል። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ሰላማዊት ጥፍሯን መንከስ ጀመረች።

ዘይነባ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። "ምንድን ነው የምታወርጅው?"

"የኮከብ ራጅ ነው።"

"ኮከብ ታመመ?"

"ሞተች።"

"ከሞተች ራጁ ምን ያደርግላታል?"

ሰላማዊት ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እኔ ቀደምኳት። "ምን እንደ ገደላት ለማወቅ ነው።"

ዘይነባ ትንሽ አሰበች። ሄዳ መፍጫውን ነቀለችው። አቮካዶ የሚጠብቁ አራት ሰዎች ነበሩ። "ኮከቧ ትቅደም" አለቻቸው። "ለእናንተ ሻይ አለ።" አንዱ፣ "የሞተው ቀድሞ ሕያው ይጠብቃል?" ብሎ አጉረመረመ፤ ሻዩን ግን ጠጣ። ኋላ ወንበሩን ይዞ ሰላማዊት አጠገብ ተቀመጠና ስንት እንደደረሰ እየጠየቀ ሲነግረን ዋለ። "ግማሽ" ሲል ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል፤ "ከግማሽ አለፈ" ሲል ይንጫጫል።

በአሥር ሰዓት ወርዶ አለቀ። ግን ሥራው ገና ነው። የመሣሪያውን ከኮከቧ ላይ ለይቶ እንደገና ማስላት አለ፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ይፈጃል፤ ገጠር ደግሞ መብራት የለም። እኔ ለዋዜማው መድረስ አለብኝ።

"እኔ ጋ ትደር" አለች ዘይነባ። "እኔ ልጅ አላጣሁም፤ አንድ ብትጨመር አይከብደኝም።"

"ነገ ጠዋት እኔ አደርሳታለሁ፣ ኢንሻ አላህ" አለ ሰይድ።

ልጄን የማላውቃት ሴት ቤት ትቼ ሄድኩ። አንድም ጊዜ ልቤ አልከበደኝም። ስለ እነሱ ተመስገን።

የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ትልቅ ወንድም ጋሼ መኮንን ከከተማው ትንሽ ራቅ ብሎ ቀወት ውስጥ ነው የሚኖሩት። መንገዱ በሽንኩርትና በማሾ ማሳ መሀል ያልፋል። ባለቤታቸው እትዬ ደስታ እግሬን አጥበው በማሽላ እንጀራ የማሾ ወጥ አቀረቡልኝ። እኛ ምስርና አተር እንጂ ማሾ አናውቅም። ጣፋጭ ነው። ሳልጨርስ ደጁ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

የራጅ ባለሙያ መጣች ተብሎ ነው። እትዬ ደስታ ለገበያ ሲሄዱ አውርተዋል። አንዷ ጉልበታቸውን፣ አንዱ ወገቡን ይዘው መጥተዋል። ሌሎቹ ከዓመታት በፊት የተነሡትን ፊልም ከሣጥን አውጥተው፣ በፌስታል ጠቅልለው። መሣሪያውን ሻንጣዬ ውስጥ የያዝኩ መስሏቸዋል።

"መሣሪያው ከዚህ ቤት ይከብዳል" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?" አሉ ጉልበታቸውን ያመማቸው።

"ጥላ።"

"ለጉልበት ነው?"

ጋሼ መኮንን ሳቃቸውን ለማፈን ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ ፊልሞቹን አንድ በአንድ ወደ ምሽቱ ብርሃን እያነሣሁ አየሁ። ሐኪም እንዳልሆንኩ፣ ማንበብ የሐኪም ሥራ እንደሆነ ነገርኳቸው። ግን ጥሩ ተነሥቷል ብዬ ስነግራቸው ደስ አላቸው። አንደኛው የአንገት መስቀሉን ሳያወልቅ የተነሣ ስለሆነ ደረቱ መሀል መስቀል ታይቷል። "ይህን አትንኩት፣ እሱ ነው የያዘኝ" አለ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ለጋሼ መኮንን የጥላውን ነገር ነገርኳቸው። ጺማቸውን ይዘው ሰሙኝ።

"ጥሩወርቅ፣ ካልታወቀ አይገባም።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ከርሞም ጥር አለ። እዚሁ ይቀመጥ።"

"ከርሞ ፈቃድ ባላገኝስ? ሦስት ቀን የተሰጠኝ በስንት ልመና ነው።"

"እንግዲህ ባጃጁን እንጠብቃለና" አሉ።

ሐሙስ

ከቅዳሴው በኋላ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ተደረገ። ግቢው ሞልቷል። በእኛ አገር ንግሥ ላይ ሰው ብርድ ሽሽት ይጠጋጋል፤ እዚያ ሁሉም የዛፍ ጥላ ፍለጋ ይጠጋጋል። እኔ የቆምኩት ፀሐይ ላይ ነው፣ በሩ የሚታይበት ቦታ። የተጠቀለለው ጥላ በእጄ ነው። አንዲት ሴት ስታልፍ፣ "እትዬ፣ ይክፈቱት እንጂ" አለችኝ።

መሪጌታው ድምፅ ማጉያውን ይዘው ስለቶቹን ማሰማት ጀመሩ። ልጅ ያገኘች ምንጣፍ አስገባች። ከወባ የዳነ ሻማ አመጣ። በሬው የተገኘለት ሰውዬ ዕጣን። እያንዳንዱ ሲጠራ እልልታ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተጠጉ።

"ይኸ ጥላ የማን ነው?"

"የኔ ነው አባቴ። ትንሽ ይቆዩኝ።"

"ስለ ምን ነው የተሳልሽው?"

"ልጄ እስክትመጣ ነው አባቴ።"

ሌላ ሰው ጠሩ። ሌላም። የቀረነው ሦስት ነበርን፤ ቀጥሎ ሁለት። ጋሼ መኮንን ወደ መንገዱ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከርሞ ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ጥላውን ይዤ ዋሻውን ሽቅብ ስመለስ ታየኝ፤ ሾፌሩ "እናቴ፣ ተሳፋሪው አልወረደም?" ሲለኝ።

ያን ጊዜ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። ከአቧራው ውስጥ ሰይድ ብቅ አለ፤ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በአንዱ ሰው ገለል እንዲል ያመለክታል። በሩ ላይ ቆመ፤ እሱ ከውጭ ቀረ። ሰላማዊት የዘይነባን ነጭ ነጠላ ደርባ፣ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛ በሰው መሀል መጣች። ፊቷን አይቼ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

"እማ፣ ብረቱ ጠፋ።"

"ሁሉም?"

"ከሞላ ጎደል ሁሉም። ክዳኑ ተዘግቶም አለ። የመሣሪያው ነበር።"

አጠገቤ ያሉት እትዬ ደስታ ደረታቸውን ያዙ፤ ብረት የተሰረቀብን መስሏቸው ይሆናል።

"ሌላውስ?" አልኳት።

"ኦክስጅኑና ማግኒዥየሙ እንዳለ ነው። እንዲያውም ጎልቶ ወጣ። የአካባቢው ጋዝ ነው እያልኩ ስተወው ነበር፤ የራሷ ነው።" ትንፋሽ አጠራት። "ትንሿ አይደለችም እማ። ግዙፏ ናት። ሁለት ዓመት ተሳስቻለሁ። ጥላውን መልሰን እንውሰደው።"

"አሁን ግን ታውቂያታለሽ?"

"ምኑን?"

"ምን እንደነበረች።"

"አዎ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ሌሎቹ የገመቱት ልክ ነበር፤ ግን እስከ ዛሬ ያሳየ ሰው አልነበረም።"

"መምህርሽ ፊት በዚህ ትቆሚያለሽ?"

አየችኝ። ያን ጊዜ ነው ለራሷም የገባት። "እቆማለሁ" አለች ቀስ ብላ።

እኔ የተሳልኩት ብረት ይገኝ ብዬ አይደለም። ልጄ ልክ ትሁን ብዬም አይደለም። ምንጯን ካወቀች ነው ያልኩት። እመቤቴ ቃሌን ከኔ ይልቅ አጥርታ ሰምታዋለች። ሳቄ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ ታቦት ቆሟል፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁ። ሰላማዊትንም ሳቅ ያዛት። መሪጌታው ደርሰው ሁለታችንን ተመለከቱ።

"መጣች?"

"መጣች አባቴ።"

"ስለ ምን ነው?"

"ልጄ አንዲት ኮከብ ምን እንደ ገደላት ስላወቀች ነው።"

ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረጉ። "ሟቿ ዘመድ ናት?"

"አይደለችም አባቴ። የሰማይ ኮከብ ናት።"

ሰላማዊትን አዩ፤ ላፕቶፑን አዩ። ከዚያ ማጉያውን አነሡ። "ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ልጃቸው በሰማይ ያለች ኮከብ በምን እንደሞተች መርምራ ስላወቀችላቸው፣ ለእመቤታችን ጥላ አስገብተዋል።"

ከዚያ ጉልበታቸውን ያመማቸው እናት ከኋላ እልል አሉ። ከዚያ ሁሉም። ከአጥሩ ውጭ ሰይድ የባጃጁን ጥሩምባ ነፋ።

ላስቲኩን ቀደድኩ። ዲያቆኑ ጥላውን ተቀብሎ ከፈተው። ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክሜው ተከፍቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ ታቦቱ ይዞት ሲያልፍ ጠርዙ ለቅጽበት በኔ ላይ አለፈ፤ ፊቴ በረደልኝ።

"ታዲያ ምን ገደላት?" አሉኝ ጋሼ መኮንን በምሳ ሰዓት።

"ክብደቷ" አልኳቸው።

የያዙትን ሥጋ አይተው መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። ትንሽ ቆይተው አነሡትና በሉት።

ከሰዓት ሰይድ ወደ ከተማ መለሰን። ሒሳብ ተቀበል ብለው እጁን ኪሱ ከተተ። "ለሟች ቀብር ሰው ሲያደርሱ አይቀበሉም" አለኝ። ዘይነባ ነጠላውን አልቀበልም አለች፤ ጭራሽ አንድ ፌስታል ፓፓያ ጨመረችበት። መፍጫዋ እየጮኸ ነበር። ሰላማዊት እዚያው ጥግ ተቀምጣ ለገምጋሚው ጻፈች።

"ምን አልሽው?"

"ልክ ነህ አልኩት። አመሰገንኩት።"

"ስለ ካሴቱም ጻፊለት።"

"ጽፌያለሁ" አለች። "ምክሩ ከእናቴ ነው ብያለሁ።"

ሽቅብ ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን፣ ዋሻው አፍ ላይ ካፖርቴን፣ ጣርማ በር ላይ ጋቢዬን ለበስኩ። እጄ ባዶ ነበር። ሰላማዊት ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች።

በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሥራ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ሕመምተኞች ተሰልፈዋል። ማንንም ሳልጠራ ሽርጤን ለበስኩና ባዶውን ካሴት አነሣሁ። ፊልሙ እስኪደርስ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ወደ መብራቱ አነሣሁት። ምንም የለበትም። አማተብኩና በሩን ከፈትኩ።

"የመጀመሪያው፣ ግባ።"